የናስ በግ፤ ስለ ሞተር ብስክሌት የቤንዚን መዝጊያ

ከሞተር ብስክሌት የቤንዚን ማጠራቀሚያ፣ ከሳልባትዮው ሥር፣ ከአውራ ጣት እምብዛም የማትበልጥ፣ ከናስ ወይም ከቀላል ብረት የተሠራች አንዲት መዝጊያ ተሰክታ ትገኛለች። ዕድሜያቸው የገፋ መካኒኮች «ሩቢኔቶ» ይሏታል፤ ወጣቶቹ «የቤንዚን መዝጊያ» ብለው ያልፏታል፤ ባለ ሞተሩ ግን ካላፈሰሰች በቀር ስም እንዳላትም ትዝ አይለውም። ይሁን እንጂ ስሟ ረጅም የትውልድ ሐረግ አለው። ጣሊያኖች ቃሉን ከፈረንሳዮች ወስደውታል፤ ፈረንሳዮችም በመካከለኛው ዘመን ተረቶቻቸው በግን «ሮቢን» በሚል የቁልምጫ ስም ይጠሩት ስለ ነበረና የውሃ መቅጃውን አፍ በበግ ራስ አምሳል መቅረጽ ይወዱ ስለ ነበረ፣ መዝጊያይቱን «ሮቢኔ»፣ ማለት «ትንሿ በግ» አሏት። እንግሊዞችና ጀርመኖች ደግሞ በየቋንቋቸው «አውራ ዶሮ» ብለው ሰየሟት። እንግዲህ አንድ ሽማግሌ መካኒክ በአዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ በዘይት የጠቆረ እጁን ዘርግቶ «ሩቢኔቶውን አቀብለኝ» ሲል፣ ሳያውቀው ከአምስት መቶ ዓመት በላይ የኖረች የፈረንጅ በግ በስሟ ይጠራል ማለት ነው።

ይህን ነገር እንዳስብ ያደረገኝ ባለፈው ክረምት በግቢዬ የድንጋይ ንጣፍ ላይ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ባገለገለች የጃፓን ሥራ ሞተር ብስክሌቴ ሥር፣ ሌሊት ሌሊት እየተሣለ የሚያድር አንድ ክብ ምልክት ነው። ቤንዚን እንደ ውሃ ኩሬ ሠርቶ አይጠብቅም፤ ፀሐይ ሳይነካው ተኖ ይሄዳል፤ የሚተወውም ከሣንቲም እምብዛም የማይሰፋ ቢጫማ ቀለበትና አፍንጫን የሚወጋ ሽታ ብቻ ነው። በግእዝ «ነጠበ» ማለት ጠብ አለ፣ ተንጠባጠበ ማለት መሆኑን፣ በጽሑፍ የምናኖረው ነጥብም ከዚሁ ግስ የወጣ መሆኑን የሚያውቅ ሰው፣ ያን ምልክት ጠዋት ጠዋት ሲያይ፣ አንድ ጸሐፊ በሌሊት መጥቶ ነጥቡን አኑሮ የሄደ ሳይመስለው አይቀርም። እኔም ዐረፍተ ነገሩ ምን እንደ ነበረ ወደ ኋላ ተመልሼ ለማንበብ ተነሣሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓመተ ምሕረት ብዬ ካልለየሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፈሳሽን በጠባብ ቀዳዳ እያሳለፉ በፈለጉ ጊዜ ማቆም ከሞተር እጅግ የቀደመ ጥበበ እድ ነው። ከሮማ በስተ ደቡብ ባለው በኔሚ ሐይቅ፣ ቄሣር ካሊጉላ በ1ኛው መቶ ዓመት ያሠራቸው ሁለት ታላላቅ መርከቦች ከ1928 ጀምሮ ውሃው እየተቀዳ ከጭቃው ሲገለጡ፣ ከዕቃዎቹ መካከል የነሐስ ውሃ መዝጊያ ተገኝቶ ነበር። መርከቦቹ በ1944 በጦርነቱ ጊዜ በእሳት ጠፉ። የመዝጊያው አሠራር ግን ዛሬ ከምናውቀው ብዙ የራቀ አይደለም፤ አንድ ድፍን አካል አለ፤ በውስጡ የሚዞር፣ መካከሉ የተበሳ ውታፍ አለ፤ ቀዳዳው ከቀዳዳ ጋር ሲገናኝ ፈሳሹ ያልፋል፤ ውታፉ ሩብ ዙር ሲዞር ይቋረጣል። መላው ምሥጢር ውታፉ ከአካሉ ጋር ምን ያህል ተጣብቆ ይቀመጣል የሚለው ነው። እጅግ ከጠበቀ አይዞርም፤ ከላላ ያፈስሳል። ከካሊጉላ መርከብ እስከ እኔ ግቢ ድረስ የተደረገው ድካም ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ስፍራ ለማግኘት የተደረገ ድካም ነው።

በ1885 ጎትሊብ ዳይምለርና ቪልሄልም ማይባህ በሽቱትጋርት አጠገብ በካንሽታት የሠሯት የእንጨት ሞተር ብስክሌት፣ በዚህ ረገድ ጭንቀቷ ቀላል ነበር። በዚያ ዘመን የነበረው ካርቡራተር አየርን በቤንዚኑ ገጽ ላይ እያሳለፈ እንፋሎቱን ብቻ ይዞ የሚሄድ ነበረና ፈሳሹ ራሱ ወደ ሞተሩ አይወርድም። ነገሩ የተለወጠው ማይባህ በ1893 ቤንዚንን በቀጭን አፍ የሚረጭ ካርቡራተር ካወጣ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ቤንዚኑ ከላይ ካለው ሳልባትዮ በገዛ ክብደቱ ወርዶ በካርቡራተሩ ጓዳ ይጠራቀማል፤ በጓዳው ውስጥ ተንሳፋፊ አለ፤ ተንሳፋፊው ከፍ ሲል ቀጭን መርፌ እየገፋ መግቢያውን ይዘጋል። ይህ መርፌ ታማኝ ዘበኛ አይደለም። የአሸዋ ቅንጣት ወይም የዝገት ፍርፋሪ ከሥሩ ከገባ በሩ ገርበብ ብሎ ይቀራል፤ ያለው ቤንዚን ሌሊቱን በሙሉ በዚያች ቀዳዳ ሲወርድ ያድራል። ስለዚህ ከዘበኛው በላይ ሌላ ዘበኛ፣ እርሱም በሰው እጅ የሚታዘዝ፣ አስፈለገ። ሩቢኔቶ የተሾመችው ለዚህ ነው።

ከሹመቱ ጋር ለነጂው አንድ ሥርዓት መጣ። ቀደምት ነጂዎች ለመነሣት የሚፈጽሙት ነገር የቅዳሴን ያህል ቅደም ተከተል ነበረው፤ መዝጊያውን መክፈት፣ ካርቡራተሩን ማጥለቅለቅ፣ የእሳቱን ጊዜ ወደ ኋላ መሳብ፣ ከዚያ መርገጥ። ሲመለሱም መጨረሻ የሚሠራው ሥራ መዝጋት ነበር። ሳይዘጋ የተኛ ሰው ጠዋት የሚያገኘው ወይ ባዶ ሳልባትዮ ነው፤ ወይ በቤንዚን የታፈነ ሞተር ነው፤ እግዚአብሔር ካላተረፈውም በቤቱ ውስጥ የሻማ ነበልባል የሚጠብቅ እንፋሎት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለሌላ ጉዳይ ቢሆንም፣ ለዚህ እንደ ተባለ ቢቆጠር የሚያሳፍር አይደለም።

በእንግሊዝ አገር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊትና በኋላ በተሠሩት ሞተር ብስክሌቶች ላይ በብዛት የተለመደው መዝጊያ ኢዋርትስ የሚባለው ሲሆን፣ የሚሳብና የሚገፋ ዘንግ ነበረው፤ በዘንጉ ጫፍ ላይም ቡሽ ተደርጎበታል። ቡሽ ስል በወይን ጠርሙስ አፍ የሚወተፈውን ማለቴ ነው። በዚህ ነገር ላይ ጥቂት ልዘግይ፤ ምክንያቱም ከመዝጊያው አካላት ሁሉ ክብር የሚገባው እርሱ ይመስለኛል።

ቡሽ በፖርቱጋል፣ በስጳኝና በሜዲትራኒያን ዙሪያ የሚበቅል የአንድ ወርካ መሰል ዛፍ ልጥ ነው። ዛፉ 25 ዓመት ያህል ሳይሞላው ልጡ አይነካም፤ አንዴ ከተላጠ በኋላም 9 ዓመት መጠበቅ ግድ ነው። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ በ1665 ባሳተመው መጽሐፉ እንደ ገለጸው፣ ከዚህ ልጥ ስስ ቅራፊ ቆርጦ በአጉሊ መነጽር ቢመለከት እልፍ አእላፍ ባዶ ጓዳዎች አየ፤ በአንድ ኢንች ኩብ ውስጥ ከአንድ ሺህ ሚሊዮን በላይ እንደሚሆኑም አሰላ፤ ለእያንዳንዷም ጓዳ የሰጣት ስም ላቲኖች የመነኩሴን በዓት ከሚጠሩበት ቃል ጋር አንድ ነው። እኛ ዛሬ ሕዋስ የምንለው ከዚያ የመጣ ነው። እንግዲህ በኢዋርትስ ዘንግ ጫፍ ላይ ያለችው የቡሽ ቀለበት፣ በእያንዳንዱ በዓት አየር የተዘጋበት፣ ሲጫኗት የምትጨመቅ፣ ሲለቋት የምትመለስ፣ ግድግዳዋም ሰም መሰል ነገር የተቀባ ታላቅ ገዳም ናት። ቤንዚን በዚህ ገዳም በቀላሉ አያልፍም።

ጠላቷ ድርቀት ነው። ሞተር ብስክሌቱ ክረምቱን ባዶ ሳልባትዮ ይዞ ከቆመ ቡሿ ትኮማተራለች፤ በጸደይ መጀመሪያ ቤንዚን ሲሞላ መዝጊያው እንደ ተቀደደ ስልቻ ያንጠባጥባል። የዚያ ዘመን ነጂዎች መፍትሔው ከወጥ ቤት የሚወጣ ነበር፤ ቡሿን ከነዘንጓ አውጥተው በፈላ ውሃ ጥቂት ይዘፈዝፏታል፤ በዓቶቹ ይነፋሉ፤ መልሰው ሲከቷትም እንደ አዲስ ትገጥማለች። ያገራችን ሰው ደርቆ የከረመ ስልቻ ውሃ ጠጥቶ እስኪለሰልስ እንደሚያፈስስ ስለሚያውቅ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ፋብሪካ ከሚልከው መለዋወጫ ይልቅ የፈላ ውሃ የሚያድነው የሞተር አካል መኖሩ እኔን ደስ ያሰኘኛል፤ ለደስታዬ ምክንያት ሰጥቼ መከራከር ግን አልችልም።

ስለ ምን ጎማ አላደረጉበትም የሚል ጠያቂ ቢነሣ መልሱ ቀላል ነው። ቻርልስ ጉድየር በ1839 ጎማን በድኝና በሙቀት ማጽናት ካወቀ በኋላ እንኳ፣ ከዛፍ የሚገኘው ጎማ በቤንዚን ውስጥ እንደ ተዘፈዘፈ እንጀራ አብጦ ይለሰልሳል። ቤንዚንን የሚታገሥ ጎማ በጀርመን ኬሚስቶች እጅ በ1930ዎቹ ተገኘና ከዚያ ወዲህ ለነዳጅ ዕቃዎች ሁሉ ዋና ሆነ። በዚያው ዘመን ኒልስ ክሪስቴንሰን የሚባል፣ ከዴንማርክ ወደ አሜሪካ የተሰደደ መሐንዲስ፣ ዕድሜው 72 ዓመት ሆኖት ሳለ በ1937 ለአንዲት ክብ የጎማ ቀለበት የፈጠራ መብት ጠየቀ፤ በ1939 ተሰጠው። ጥበቡ በቀለበቷ ብቻ አልነበረም፤ የምትቀመጥበት ጉድብ ከቀለበቷ ውፍረት አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ሰፍቶ፣ ግፊቱ ራሱ እየገፋ እንዲያጣብቃት በማድረጉ ነበር። ጦርነቱ ሲጀመር የአሜሪካ መንግሥት ነገሩ ለአውሮፕላን እጅግ አስፈላጊ ነው ብሎ መብቱን ወሰደና ለሽማግሌው 75,000 ዶላር ሰጠው። ገንዘቡ ያንሳል በሚል የተነሣው ክርክር አልቆ ለወራሾቹ 100,000 ዶላር የተጨመረው በ1971 ሲሆን፣ እርሱ ካረፈ 19 ዓመት ሆኖት ነበር። ዛሬ በየመርካቶው ሱቅ በክር ተሰክታ የምትንጠለጠለው፣ ባለሱቁ ከስሙኒ እኩል የሚያያት «ጎሚኒ» የዚህ ሰው ልጅ ናት።

ሩቢኔቶ ወደ እኛ የመጣችው ግን ከእንግሊዝ ቡሽ ጋር ሳይሆን ከጣሊያን ብረት ጋር ነው። ጣሊያኖች ኤርትራን ከ1890 ጀምሮ ይዘው በመቆየታቸው፣ ከ1936 እስከ 1941ም በኢትዮጵያ ላይ በመሠልጠናቸው፣ ጦራቸው በወጣ ጊዜ የጋራዡ ቋንቋ አልወጣም። ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሞርሳ፣ ኩሽኔታ፣ ጓርኒሲዮን የሚል ሰው ሁሉ የማያውቀውን ቋንቋ አቀላጥፎ ይናገራል። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ በ1946 ኮራዲኖ ዳስካንዮ የነደፋት ቬስፓ ከፖንቴዴራ ፋብሪካ ወጣች፤ በተከታዩ ዓመትም የሚላኗ ላምብሬታ ተከተለቻት፤ ሁለቱም ወደ አሥመራና ወደ አዲስ አበባ መንገድ ደረሱ።

የቬስፓ መዝጊያ ከመቀመጫው ሥር ብቅ የምትል ዘንግ ነበራት፤ በዘንጉም ዙሪያ ሦስት ፊደላት ተጽፈዋል። «አ» አፔርቶ፣ ክፍት ነው፤ «ቺ» ኪዩዞ፣ ዝግ ነው፤ «ኤሬ» ሪዜርቫ፣ ተጠባባቂው ነው። አንድም ቀን የላቲን ፊደል ቆጥሮ የማያውቅ ተላላኪ እነዚህን ሦስቱን ያውቃቸው ነበር። ሪዜርቫ የሚባለው ነገር አንድ ጣሳ ለብቻው የተቀመጠ ቤንዚን የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ አይደለም። በሳልባትዮው ውስጥ ከመዝጊያዋ ተነሥተው የቆሙ ሁለት የመቅጃ አፎች አሉ፤ አንዱ ረጅም፣ ሁለተኛው አጭር። ቤንዚኑ ከረጅሙ ጫፍ በታች ሲወርድ ሞተሩ ይንተባተባል፤ ያን ጊዜ ነጂው እጁን ወደ ታች ሰድዶ ዘንጉን ወደ «ኤሬ» ያዞራል፤ አጭሩ ከሥር ያለውን ይቀዳል። ከሥር ያለው ደግሞ ዝገቱና ውሃው የዘቀጠበት አተላ ነውና ተጠባባቂውን የሚወድ ሰው መዝጊያውን ያቆሽሻል። ኋላም በ2001 ዓ.ም. ገደማ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የወጣ ኢታኖል በ5፣ ቀጥሎም በ10 በመቶ ከአዲስ አበባ ቤንዚን ጋር ሲደባለቅ፣ ኢታኖል ውሃን ወደ ራሱ የሚስብ፣ አሮጌውንም ጎማ የሚፈትን ስለ ሆነ፣ በአረጁ ሳልባትዮዎች ወለል ላይ ያለው አተላ አዲስ ጓደኛ አገኘ።

የቬስፓን መዝጊያ ለመፍታት ሳልባትዮው ወርዶ፣ በቤንዚን መሙያው አፍ በኩል ረጅም ዘንግ ያለው ልዩ ቁልፍ ገብቶ፣ በውስጥ ያለውን ዳዶ በጨለማ መፈለግ ነበር። ቁልፉ የሌለው ጋራዥ ከቧንቧ ብረት ቆርጦ ይበይዳል። ቁልፍ ሠርቶ የማያውቅ መካኒክ መካኒክ አይባልም ነበር።

መንገድ ላይ የተያዘ ሰውስ? ለእርሱ ሳሙና ነበረለት። የልብስ ሳሙና ቆንጥሮ፣ አላቁጦ፣ በሚያፈስሰው ቀዳዳ ላይ መምረግ የሾፌር ሁሉ ዕውቀት ነው። ሰም ቢያደርጉበት ሰም በቤንዚን ይቀልጣል፤ ቅባት ቢያደርጉበት ታጥቦ ይሄዳል፤ ሳሙና ግን ውሃ እንጂ ቤንዚን አያሟሟውምና ከቀዳዳው ጋር ደርቆ ይቀራል። ይህን ከየትኛው ፈረንጅ ተማሩት ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም። ካቲካላ የምታወጣ ሴት፣ ከእንስራው አፍና ከመቃው መጋጠሚያ ላይ እንፋሎቱ እንዳያመልጥ በጭቃ ወይም በሊጥ ስትመርግ ያየ ልጅ፣ አድጎ ረዳት ሾፌር ሲሆን ከሚፈስሰው ነገር ጋር የማይስማማ ምርጊት መፈለግ እንዳለበት አስቀድሞ ያውቃል። መላው ያው የእናቱ መላ ነው፤ የተለወጠው ፈሳሹ ነው።

ጃፓኖች ሲመጡ መዝጊያዋ መልኳን ለወጠች። በ1958 የወጣችውን የሆንዳን ትንሿን ኩብ ተከትለው ዓለምን ባጥለቀለቁት ሞተር ብስክሌቶች ላይ፣ በብዙዎቹ፣ ውታፉ ቀርቶ ቀዳዳዎች ያሉት ጠፍጣፋ የጎማ ክብ ተተካ። እጀታው ከፊቱ ቀጭን ጉድብ አለው፤ ሲዞር ጉድቡ አንዱን ቀዳዳ ከሌላው ጋር ያገናኛል፤ ከኋላው ደግሞ እንደ ማዕበል የታጠፈች ራንዴላ ወደ ጎማው ትጫነዋለች። ይህ ጎማ በዓመታት ሲደርቅ በእጀታው ፊት የጉድቡን ቅርጽ ይይዛል፤ ማፍሰስም ይጀምራል። የጋራዡ ብልሃት ጎማውን መገልበጥ ነው፤ ያልተነካው ገጽ ወደ እጀታው ሲዞር ሌላ ዕድሜ ያገኛል። የእጀታውንም ፊት በመስታወት ላይ በተነጠፈ የአሸዋ ወረቀት በክብ በክብ እያሹ ያስተካክሉታል። መስታወት የሚያስፈልገው ጠረጴዛ ሁሉ ለዓይን እንጂ ለእውነት ልሙጥ ስላልሆነ ነው።

 በ1970ዎቹ የጃፓን መሐንዲሶች፣ ሰው ይረሳል ብለው፣ መዝጋቱን ከሰው እጅ ወስደው ለሞተሩ ሰጡት። አዲሲቱ ሩቢኔቶ በሆዷ ስስ ቆዳ መሰል ጎማ አላት፤ ከሞተሩ መሳቢያ ቀጭን ቱቦ ይመጣላታል፤ ሞተሩ ሲተነፍስ በቱቦው የሚመጣው ስበት ያን ስስ ጎማ ከስፕሪንጉ ኃይል በላይ ይጎትተዋል፤ ቤንዚኑ ያልፋል፤ ሞተሩ ሲቆም ስፕሪንጉ ይመልሰዋል፤ ቤንዚኑ ይቆማል። ስለዚህ «ዝጋ» የሚል ምልክት ከብዙዎቹ ላይ ጠፋ። በስፍራው «ፒ አር አይ» የሚል መጣ፤ ይህም ሞተሩ ሳይተነፍስ ቤንዚኑን በግድ የሚያሳልፍ፣ ባዶ ካርቡራተር ለመሙላት ብቻ የተፈቀደ ቦታ ነው።

ሐሳቡ ድንቅ ነው፤ ልክደው አልችልም። ነገር ግን የድሮዋ መዝጊያ ስታፈስስ በድንጋይ ላይ ታፈስሳለች፤ ይታያል፤ ይሸታል። የአዲሲቱ ስስ ጎማ በመርፌ ቀዳዳ ያህል ሲበሳ ግን ቤንዚኑ የሚሄደው በዚያው በስበቱ ቱቦ ወደ ሞተሩ ሆድ ነው፤ ከፒስተኑ ጎን አልፎ ወደ ዘይቱ ይወርዳል፤ ዘይቱን ያቀጥነዋል፤ ኩሽኔታዎቹም ቅባት ያገኙ እየመሰላቸው በቤንዚን ይታጠባሉ። ከሰው እጅ የተነሣው ኃላፊነት ጠፋ ሲባል ወደማይታይበት ጓዳ ገባ እንጂ አልቀረም። የእኔም ሞተር ብስክሌት ሕመም በደጅ አንድ ነጥብ ብቻ እያሳየ በውስጥ ይህ ነበረ።

ይህን የነገሩኝ አንድ አረጋዊ መካኒክ ናቸው፤ በልጅነታቸው አሥመራ ከአንድ ጣሊያን ዘንድ ሥራ የለመዱ፣ ዛሬ ከመንገድ ገባ ባለ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ ካገኙ ብቻ የሚሠሩ። መዝጊያዋን አልነኩም። መጀመሪያ የዘይት መለኪያውን አውጥተው በጣታቸው መካከል አሹትና ወደ አፍንጫዬ አስጠጉልኝ።

«ዘይት ጨምረሃል?» አሉኝ።

«አልጨመርኩም ጋሼ» አልኩ።

«ከፍ ብሏል። ዘይት ሳይጨምሩት ከፍ ካለ ደስ አይበልህ ልጄ፤ የሌላ ሰው ዕቃ ቤትህ ገብቷል ማለት ነው።»

ቀጥለው የስበቱን ቱቦ ከሞተሩ በኩል ነቅለው ጫፉን በጨርቅ ጠርገው በአፋቸው ያዙትና በቀስታ ሳቡ። የቤንዚኑን መውጫ ቱቦ በብርጭቆ ውስጥ አድርገውት ነበር፤ ሲስቡ ቤንዚኑ ወረደ፤ ሲለቁ ግን መቆም ሲገባው በጠብታ ቀጠለ። ሁለተኛ ሲስቡ ፊታቸው ተኮማተረ፤ ዞር ብለው እንትፍ አሉ፤ ቱቦውንም ወደ ብርሃን አንሥተው አሳዩኝ። በግልጹ ቱቦ ውስጥ አንዲት ቢጫ ጠብታ ወደ ኋላና ወደ ፊት ትንሸራተታለች። አየር ብቻ ሊኖርበት በሚገባው መንገድ ላይ ቤንዚን ተገኘ። ከዚህ የሚበልጥ ምስክር አይፈለግም ነበር።

ሳልባትዮው ወርዶ ቤንዚኑ ከተቀዳ በኋላ መዝጊያዋን በሁለት ብሎን ፈቱ። የኋላ ክዳኗ አራት ትንንሽ ብሎኖች አሉት፤ እነርሱን እያላሉ ክዳኑን በአውራ ጣታቸው ይጫኑት ነበር፤ ስፕሪንጉ ዘልሎ የሚገባበት ጥግ ስለሚያውቁ። ስሱ ጎማ ወጣ፤ በፊቱ ምንም አይታይበትም፤ ወደ መስኮቱ አድርገው በሁለት እጃቸው ሲለጥጡት ግን ከመካከሉ ጠርዝ አጠገብ አንድ የብርሃን ነጥብ ወጣ። ከክዳኑ ሌላ ወገን የወጣችው የዘንጉ ጎሚኒም ክብነቷ ጠፍቶ እንደ አራት ማዕዘን ሆናለች፤ በጥፍራቸው ቢጫኗት ጥፍሩ አልገባም። ከአንድ የቅቤ ጣሳ ውስጥ በክር የተሰኩ ጎሚኒዎች አወጡና አንድ በአንድ እያስጠጉ ሦስተኛይቱን መረጡ። ለስሱ ጎማ መርካቶ ሁለት ቀን ተፈለገለት።

ሲገጥሙት ሳልባትዮውን የሚነኩትን ሁለት ብሎኖች በጣታቸው ይዘው ቆሙ። የቀድሞዎቹ ራንዴላዎች ቤንዚን የማያሳልፉ ለስላሳ ነበሩ፤ አንዱን ግን ከዚህ ቀደም የሠራው ሰው በተራ ብረት ራንዴላ ለውጦታል። በግቢዬ ድንጋይ ላይ ያደረው ቀለበት የመጣው ከውስጥ ካለው ሕመም ሳይሆን ከዚች ነበረ፤ ቤንዚኑ በብሎኑ ጥርስ ዙሪያ እየሾለከ። እንግዲህ ትንሹ ጥፋት ደጅ ወጥቶ ባይጮኽ ኖሮ ትልቁን እስከ ዛሬ ባላወቅሁ ነበር። ለስላሳ ራንዴላ አገኙለት፤ ዘይቱንም ደፍተው አዲስ ሞሉ። የወጣው ዘይት እንደ ውሃ ቀጥኖ ነበር።

በ1980 ካዋሳኪ ቤንዚንን በኤሌክትሪክ ፓምፕ ወደ ሞተሩ የሚረጭ ሞተር ብስክሌት ካወጣ ወዲህ፣ ሌሎቹም ቀስ በቀስ ስለ ተከተሉት፣ በብዙዎቹ አዳዲሶች ላይ ሩቢኔቶ የለችም፤ ፓምፑ ሲቆም ነዳጁ ይቆማል። ተጠባባቂውም በመብራት ተተክቷል። አረጋዊው መካኒክ እነዚያን አይነኩም፤ «የሚከፈት ነገር የላቸውም» ይላሉ።

ያን ዕለት ማታ ቤቴ ስደርስ ባዶ የቆየውን ካርቡራተር ለመሙላት እጀታውን ወደ «ፒ አር አይ» አድርጌ ነበር፤ ከሥሩም ነጭ ወረቀት አነጠፍኩ። ጠዋት ስነሣ በወረቀቱ መካከል ቢጫ ቀለበት አገኘሁ። ደንግጬ ሞተሩን እየገፋሁ ወደ ቆርቆሮው ቤት ሄድኩ። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አዩ፤ ብሎኖቹን ዳሰሱ፤ ደረቅ ናቸው። የካርቡራተሩን ማፍሰሻ ዳሰሱ፤ እርጥብ ነው። ከዚያ ዓይናቸው ወደ እጀታው ሄደ፤ እኔም ተከትዬ አየሁ። ማታ እንደ ተውኩት በ«ፒ አር አይ» ላይ ነበረ።

ምንም አላሉኝም። በሁለት ጣታቸው መለሱትና ወደ ሥራቸው ዞሩ።